የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ደጋግመው የጠየቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰልፌዋለሁ፤ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

የአካባቢ ምርጫ የሚባለው የትኛው ነው?

የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡበት ነው። የሚያስፈጽመው ያው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። የጅማ ከተማ ነዋሪ ከሆኑ ነገሩ የሚመለከትዎ በከተማው ምክር ቤትና በቀበሌዎ በኩል ነው፤ ዘመድዎ ማና ወይም ሰቃ ጨቆርሳ ገበሬ ከሆነ ደግሞ በወረዳውና በገበሬ ቀበሌው በኩል።

በ2013 ሰኔ ላይ ተሰልፌ መርጫለሁ። እሱ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጅማ ላይ የተሰጡን ሁለት ወረቀቶች አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ ነበር። የሰፈርዎን ቦይ፣ የገበያውን ቦታ፣ የመታወቂያዎን ጉዳይ የሚያዩ ሰዎች በዚያ ወረቀት ላይ አልነበሩም። አዲስ አበቤዎች የከተማቸውን ምክር ቤት በዚያው ዕለት ስለመረጡ ብዙ ሰው «እኛም መርጠናል» ብሎ ተምታቶበታል።

የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ መቼ ነበር? ከዚያስ ለምን ቀረ?

ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005። ከዚያ በፊት የነበረው ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ነው። የምክር ቤቶቹ ዘመን አምስት ዓመት ስለሆነ ቀጣዩ በ2010 መደረግ ነበረበት። ያ ዓመት ግን አገሩ በተቃውሞና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተናጠበት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የተቀየረበት ነበር፤ ምርጫው ተላለፈ። ቀጥሎ «ከጠቅላላው ምርጫ ጋር አብሮ ይደረጋል» ተባለ። ኮሮና መጣና ጠቅላላው ምርጫም ከ2012 ወደ 2013 ገፋ። በመሀሉ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሰሜን ላይ ጦርነት ተጀመረ። ጠቅላላ ምርጫው በኋላ ሲደረግ የአካባቢው አብሮት አልመጣም።

በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ራሱ የመራጭነት ዕድሜ ላይ ደርሷል። የቀበሌ ምርጫ የሚባል ነገር ግን አይቶ አያውቅም።

ታዲያ አሁን ቀበሌ ላይ ያሉት በማን ተመርጠው ነው የተቀመጡት?

መልሱ እንደየቀበሌው ነው፤ በጥቅሉ ግን በ2005 የተመረጡት ዘመናቸው እየተራዘመ፣ የጎደለው ደግሞ በምደባ እየተሞላ ነው የመጣው። የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ከመጀመሪያውም ተቀጣሪ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እሱን ማንም አይመርጠውም። ስለዚህ ቢሮ ገብተው የሚያናግሩት ሰው ሁሉ «የሕዝብ ተመራጭ» አይደለም።

አንድ ቀን የነዋሪነት ማረጋገጫ ላስጽፍ አንድ ቀበሌ ሄጄ (የትኛው እንደሆነ ልተወው) ወረፋ ይዤ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ላይ በተሰነጠቀ መስታወት ውስጥ የምክር ቤቱ አባላት ስም ዝርዝር ተሰቅሏል፤ ፀሐይ አንጥቶት ግማሹ አይነበብም። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ መነጽራቸውን አወጡና በከዘራቸው ጫፍ እየነኩ ይነግሩኝ ጀመር፦ «ይሄ ሞቷል፣ አላህ ይማረው። ይቺ አዲስ አበባ ገብታለች። ይሄ ዓረብ አገር። ይሄ... ይሄ እኔ ነኝ።» ለስብሰባ የተጠሩበትን የመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ሊያስታውሱ ሞክረው ተዉት። የመጡት ለመታወቂያ ነበር፤ ወረፋቸውም ከእኔ ኋላ።

የከተማ ምክር ቤት ምን ይሠራል? ከንቲባውን የምመርጠው እኔ ነኝ?

ከንቲባን በቀጥታ መምረጥ በእኛ አገር የለም። እርስዎ የምክር ቤት አባላትን ይመርጣሉ፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የከተማውን በጀትና ዕቅድ ያጸድቃል፣ ከንቲባውንና ጽሕፈት ቤቶቹን ሪፖርት ይጠይቃል። በወረቀት ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው፤ ከአዌቱ ወንዝ ዳር ያለ ቆሻሻ ለምን እንደማይነሳ፣ የኮብልስቶኑ ሥራ መንገድ መሀል ላይ ለምን እንደቆመ ስብሰባ ላይ ማስጠየቅ የሚችለው እሱ ነው። በተግባር ግን ዘመኑ ያለቀ ምክር ቤት ከንቲባ ላይ ዓይኑን ማፍጠጥ ይከብደዋል። ሁለቱም ነገ ወንበራቸው ላይ የሚያቆያቸው መራጭ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

የጅማ ዞን ምክር ቤትንስ?

ኦሮሚያ ውስጥ ዞን የክልሉ ክንድ ነው እንጂ በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት የለውም። በደቡቡ በኩል የብሔረሰብ ዞኖች ምክር ቤት ስላላቸው ከከፋ ወይም ከዳውሮ መጥተው ጅማ የኖሩ ሰዎች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ።

ለመምረጥ ምን ያስፈልገኛል? ለመወዳደርስ?

ለመምረጥ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርና መመዝገብ። ለመወዳደር 21 ዓመት። ፓርቲ የግድ አይደለም፤ በግል መቅረብ ይቻላል፣ የድጋፍ ፊርማ ግን ማሰባሰብ አለብዎ።

የነዋሪነቱ ነገር ሄርማታና መንደራ አካባቢ ቤት ተከራይተው ለሚኖሩ ፈተና ነው። አከራይ «መታወቂያህን በእኔ ቤት ቁጥር አታውጣ» ይላል፤ ግብሩ እንዳይታወቅበት ይሁን ነገ እንዳይወጣለት ፈርቶ፣ ብቻ ይላል። ልጁ ሦስት ዓመት ሰፈሩ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፣ ወረቀት ላይ ግን አጋሮ ነዋሪ ነው። የምርጫ ወሬ ሲሰማ ሳይሆን ዛሬ ነው ይህን መፍታት የሚሻለው።

በቀበሌ ምርጫ ላይ ማንን እንደመረጥኩ ያውቁብኛል?

ሕጉ «አያውቁም» ይላል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 38 ላይ ምርጫ በሚስጥር ድምፅ እንደሚሰጥ ደንግጓል። ወረቀቱ ላይ ስምዎም ሆነ የመታወቂያ ቁጥርዎ የለም። መዝገቡ ላይ የሚፈርሙት መምጣትዎን ያሳያል እንጂ የመረጡትን አያሳይም። የዕድር ሊቀመንበር ስንመርጥ እጅ አውጥተን ነው፤ ይሄ ግን መጋረጃ ጀርባ ብቻዎን ገብተው፣ ምልክት አድርገው፣ አጥፈው ኮሮጆ ውስጥ የሚከቱት ነው።

ሰው ግን የሚፈራው ዝም ብሎ አይደለም። ቀበሌ ወደ ሕይወታችን የገባው በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመና ከመቶ ብር በታች የሚከራየውን ቤት ሁሉ ለእነሱ ሰጠ። ቤት የሚሰጠው ቀበሌ፣ ስኳር የሚያድለው ቀበሌ፣ የሚፈርደው የቀበሌ ሸንጎ፣ በር የሚያንኳኳው የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ሆነ። ልጁ በቀይ ሽብር የተወሰደበት ሰው «ቀበሌ ትፈለጋለህ» የምትለዋን ቃል ዛሬም እንደ ቀላል አይሰማትም። ከ1983 በኋላም ጎጥ፣ ጋሬ፣ አንድ ለአምስት የሚባሉት መጡ፤ ማን ስብሰባ እንደቀረ የሚመዘግብ ጎረቤት።

እንዲያውም የአካባቢ ምርጫ ከአገር አቀፉ ይልቅ ለሚስጥር አስቸጋሪ ነው ባይ ነኝ። ውጤቱ እዚያው ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። አራት መቶ ሰው መርጦ ለአንደኛው ዕጩ ሦስት ድምፅ ብቻ ቢወጣ፣ ሰፈሩ በማግስቱ «እነዚያ ሦስቱ እነማን ናቸው?» ማለቱ አይቀርም። ዕጩው ራሱ ጎረቤትዎ፣ ከፊቱ ሰላምታ የማያቋርጡት ሰው ነው። ለዚህ ሕግ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የሚረዳው በየጣቢያው ከአንድ በላይ የምር ተፎካካሪና የሁሉም ወገን ታዛቢ መኖሩ ነው፤ ድምፁ ሲከፋፈል ሦስቱ መቶ ይሆኑና የሚቆጠር ሰው አይገኝም።

ጅማ መሀል ጦርነት አልነበረም። የአካባቢ ምርጫን ከጦርነት ጋር ምን አገናኘው?

ጦርነቱ የተካሄደው ሰሜን ነው፤ የተላከው ልጅ ግን ከዚህም ነው። ሰው ደግሞ ከጦርነት ሲመለስ የሚመለሰው ወደ ፕሪቶሪያ ሳይሆን ወደ ቀበሌው ነው። ስምምነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በየክልሉ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ይዟል። አንዱ ተዋጊ ሰፈሩ ሲደርስ መታወቂያ የሚሰጠው፣ መሬቱ ተወስዶ ከሆነ የሚያየው፣ ከጎረቤት ጋር ያለውን ቂም የሚዳኘው ማን ነው? ያ ሰው የተሾመ ነው ወይስ የተመረጠ? ከባዱ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው።

ትግራይን ብቻ እንይ። መጋቢት 2017 ላይ አዲግራት ውስጥ ፍጥጫው የተነሳው የከንቲባውን ጽሕፈት ቤት ማን ይያዝ በሚል ነበር። የክልሉ አመራር ለሁለት ሲከፈል ግብግቡ መቀሌ ብቻ አልቀረም፤ እስከ ከተማና ወረዳ ማኅተም ድረስ ወረደ። መራጭ ያልሰጠውን ወንበር ሁለቱም ወገን «የእኔ ነው» ለማለት አይቸገርም።

ሰላም በሌለበት ወረዳ ምርጫ ይደረጋል? የተፈናቀለ ሰውስ የት ነው የሚመርጠው?

ቦርዱ ጸጥታ በማይፈቅድበት ቦታ ምርጫ አያካሂድም፤ በ2013 ብዙ ቦታ በዚሁ ምክንያት ቀርቶ ከፊሉ መስከረም 2014 ላይ፣ የተረፈው የተወሰነው ደግሞ ሰኔ 2016 ነው የተደረገው። ኦሮሚያ ውስጥ መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በ2015 እና በ2016 ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ያለ ስምምነት ተነሥተዋል። በአማራ ክልልም ተኩሱ አልቆመም። «ከጦርነት የወጣች አገር» የሚለው አባባል እንግዲህ እንደሚቆሙበት ቦታ ነው።

ለተፈናቃይ የምርጫ ሕጉ ልዩ ጣቢያ ይፈቅዳል። ለአገር አቀፍ ምርጫ ይህ ያስኬዳል። ለአካባቢ ምርጫ ግን ጥያቄው ይጠነክራል፦ ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚህ ዓመታት የኖረ ሰው የሚመርጠው ጥሎት የመጣውን ቀበሌ ነው ወይስ ውኃ የሚቀዳበትን? የመጀመሪያውን ካልን በማያስተዳድረው ቦታ ላይ ይወስናል፤ ሁለተኛውን ካልን «አትመለስም» ብለን የፈረድንበት ይመስላል። ቦስኒያ በዚሁ ነገር ነው የተሰናከለችው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያበቃ የማዘጋጃ ቤት ምርጫው ከጠቅላላው ጋር በ1996 መስከረም ሊደረግ ታስቦ፣ ተፈናቃዮችን ወደሚፈለገው ከተማ እያስመዘገቡ የብሔር ሚዛን ማስቀየር ስለበዛ ለብቻው ወደ 1997 ተገፋ። የእኔ አስተያየት? ምርጫው ለራሱ ለሰውየው ይሰጥ፤ ጫና እንዳይደረግበት ግን ምዝገባው በካምፕ አስተባባሪ እጅ አይሁን።

ሌሎች አገሮች ከጦርነት ሲወጡ የትኛውን ያስቀድማሉ፣ የአካባቢውን ወይስ አገር አቀፉን?

አንድ ዓይነት መንገድ የለም። ኮሶቮ ከታች ጀመረች፤ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2000፣ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ነበር የመጀመሪያዋ። ሴራሊዮን ከላይ ጀመረች፤ ጦርነቱ ማብቃቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ጥር ላይ ታወጀ፣ በግንቦት ፕሬዚዳንት ተመረጠ፣ የአካባቢ ምክር ቤቶች ደግሞ በ2004። እነዚያ ምክር ቤቶች ከ1972 ጀምሮ ፈርሰው የነበሩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሁሉም ነገር ከፍሪታውን ሲወሰን መኖሩን አገሬው ራሱ ከጦርነቱ መነሻዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚመስለን ግን ኔፓል ነው። የማዖኢስቶቹ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2006 ቆየ። የአካባቢ ምክር ቤቶቹ ዘመን በመሀሉ፣ 2002 ላይ፣ አለቀ፤ ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ መንደሩን ያስተዳደሩት ከላይ የተመደቡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሦስት ዙር ተመረጠ፣ 753 የአካባቢ መስተዳድሮች ተቋቋሙ። በየቀጠናው ከሚመረጡት አራት አባላት ሁለቱ ሴቶች፣ ከእነሱም አንዷ ከተገፋው የዳሊት ወገን እንድትሆን ሕጉ አስገደደ። የዘገየ ምርጫ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል፤ አሥራ አምስት ዓመት መዘግየት እንደሚችልም እንዲሁ።

ተቃዋሚው ራሱን ካገለለ መምረጤ ምን ዋጋ አለው?

ይህን ጅማ ላይ የሚጠይቁ ሰዎች ነገሩን ያዩት ናቸው። ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ሰኔ 14 ቀን 1984፣ የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ተደረገ። (ከ29 ዓመት በኋላም ሰኔ 14 መሆኑ የቀን መቁጠሪያ ቀልድ ነው።) የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው ከውድድር ወጣ፤ ከሽግግር መንግሥቱም ለቀቀ። ተዋጊዎቹ ከገቡበት ካምፕ ወጥተው ውጊያ ተጀመረና በሺዎች ተማረኩ። መሣሪያው ሳይቆለፍ ኮሮጆው ስለቀረበ ነው የምንል አለን፤ ኮሮጆውን ባያስቀሩበት መሣሪያ ባላነሳ የሚሉም አሉ። የዚያ ሳምንት ሒሳብ እስከዛሬ አልተዘጋም።

በ2000 ለቀበሌና ለወረዳ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ መቀመጫ ቀርቦ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ጠራርገው ወሰዱት፤ ዋነኞቹ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ዕጩዎቻችን ታሰሩ፣ ተከለከሉ ብለው መሀል ላይ ወጡ። በ2005 ሠላሳ ሦስት ፓርቲዎች ፊርማ አሰባስበው አቤት አሉ፣ ሳይወዳደሩ ቀሩ። በ2013ም ኦነግና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) አልነበሩም። ሞዛምቢክ ላይ ከሰላሙ ስምምነት ስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 1998፣ በ33 ከተሞች የመጀመሪያው ማዘጋጃ ቤታዊ ምርጫ ሲደረግ የቀድሞው ዓማፂ ሬናሞ አልገባበትም፤ የወጣው መራጭ ከመቶ ወደ አሥራ አምስት ገደማ ብቻ ነበር።

ዋጋ አለው ወይ? አንድ ስም ብቻ ባለበት ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግን ምርጫ ለማለት እኔ ይከብደኛል። ነገር ግን ለቀበሌ ምክር ቤት የግል ዕጩ ማቅረብ ለፓርላማ ከማቅረብ እጅግ ይቀላል፤ ዘመቻው የአንድ ሰፈር እግር ጉዞ ነው። ፓርቲዎች በሌሉበት የዕድር ጸሐፊዋ ብትወዳደር ወረቀቱ ሁለት ስም ይኖረዋል።

የቀበሌ ምክር ቤት ለምን ያን ያህል ሰው ያስፈልገዋል?

በ2000 ላይ የቀበሌው መቀመጫ እስከ 300 ደረሰ፤ ሚሊዮኖቹ የመጡት ከዚህ ነው። የተሰጠው ምክንያት ሰፊ የሕዝብ ተሳትፎ የሚል ነው። ውጤቱ ሌላ ነው፦ ለአንድ ቀበሌ 300 ዕጩ፣ ለአገሩ በሙሉ ሚሊዮኖች ማቅረብ የሚችል ፓርቲ ማን ነው? መንግሥት የያዘው ብቻ። ደግሞስ 300 ሰው የት ይሰበሰባል? እኛ ሰፈር አዳራሹ መቶ ወንበር የለውም። ወደፊት ምርጫው ሲመጣ ስለ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ስለ መቀመጫው ብዛትም መጠየቅ ይገባል፤ ሃያ ሰላሳ ሰው ቢሆን በስም እናውቃቸዋለን።

የመረጥኩት ሰው ካልሠራ ማንሳት እችላለሁ?

ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ባጣበት ጊዜ ተመራጩን ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ተጽፏል። መነሻው የመራጮች ፊርማና አቤቱታ ነው። በሕይወቴ ግን ይህ ሲደረግ በዓይኔ አላየሁም፤ ሰው የሚነሳው ከላይ ሲነሳ ነው።

እነዚያን ሽማግሌ በኋላ ሄርማታ ገበያ አጠገብ አገኘኋቸውና ስለዚህ አንቀጽ አጫወትኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ማን ያንሳኝ? ያኔ የመረጡኝ ግማሾቹ ሰፈር ለቀዋል፤ የቀሩት ደግሞ መመረጤን ረስተዋል» አሉኝና መታወቂያቸው ደርሶ እንደሆነ ሊያዩ ወደ ቀበሌ ሄዱ።